«ታገለግለናለህ ወይ?» ያሉኝ ጊዜ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ከእናታችን ቀጥሎ ላሳደገችኝ ለሙሉሽ ወንድይፍራው፤ ደብረ ታቦር።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚጠዘጥዝሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር «እግዚኦ» ያሰኝሻል? ጋሽ እውነቱ እንዴት ናቸው? የጠመኔው አቧራና የተማሪው ጩኸት አላሰለቻቸውም? ልጆችሽስ? የአብሥራ በትምህርቱ እንዴት ነው? ሶሲስ አፏን ፈታ ማውራት ጀመረች? ያገራችሁ ብርድ አልጎዳችሁም? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። አንቺን ማታለል ግን አልችልበትም። ጤናዬ ደህና ነው፤ ሌላው ሁሉ ደህና አይደለም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። ሳልመልስልሽ የቀረሁት ሰንፌ እንዳይመስልሽ። አንቺ «ኦርጋንህ እንዴት ነው? የት የት እየጠሩህ ነው?» ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ፤ እኔ ደግሞ ምን ብዬ ልመልስ? ብዕሩን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ዛሬ ግን የሆዴን ለአንድ ሰው ካልተናገርኩ የምፈነዳ መሰለኝ፤ ከአንቺ ሌላ ደግሞ ማን አለኝ?

ማታ ማታ የምጫወትበትን ሆቴል ታስታውሽዋለሽ አይደል? ባለቤቱ ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ትልቅ ቴሌቪዥንና የዘፈን ክሊፕ የሚያጫውት ማሽን ይዞ መጣ። የመጀመሪያ ሰሞን «አንተ ስታርፍ ብቻ ነው የምንከፍተው» አለኝ። እያደር እረፍቴ ረዘመና እኔም እንደ ሰዉ ጥግ ይዤ ቴሌቪዥን የማይ ደንበኛ ሆንኩ። አንድ ምሽት አስተናጋጇ እንግዳ መጥቶባት ወንበር ስታጣ «ተስፍሽ፣ ካልተጫወትክ ተነሥልኝ» አለችኝ። ተነሣሁላት፤ በዚያው ቀረሁ።

አባባ ወሬውን ከኔ ሳይሆን ከገበያ ሰማ። የእሱን ነገር በፊትም ጽፌልሽ ነበር፤ ሳሉ ብሶበታል። ያየው ሐኪም የዱቄቱ ብናኝ ደረትዎን እየጎዳው ነውና ወፍጮ ቤት ውስጥ መዋል ይቅርብዎት ብሎታል። አባባ ደግሞ ያለ እሱ ወፍጮው የሚዞር አይመስለውም፤ አፉን በሻሽ ጠፍሮ ይገባል። በመስቀል ማግስት አጠገቡ አስቀመጠኝና እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጠኝ። በኦርጋኑ ራሴን ችዬ ካሳየሁት ወፍጮውን ለሌላ ሰው አከራይቶ እሱም ያርፋል፣ እኔም በሙያዬ እኖራለሁ። ካልሆነልኝ ኦርጋኑን ሸፍኜ በእሱ ቦታ ወፍጮው ላይ እቆማለሁ። እኔም ሳላቅማማ እሺ አልኩት፤ ጥርን ተማምኜ ነዋ። በጥር ጂንካ በየሰፈሩ ድንኳን እንደሚተከል አንቺም ታውቂያለሽ።

ጥር ሳይደርስ፣ ኅዳር ላይ፣ አቶ ጉታ ቤታችን ድረስ መጡ። ጋሽ እውነቱ እዚህ ሲያስተምሩ አብረዋቸው የሒሳብ መምህር የነበሩት፣ እነዚያ ቀስ ብለው የሚናገሩት ሰውዬ። ለካ የወንጌል አማኞቹ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ኦርጋን ተጫዋቻቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቶባቸው መዘምራኑ ያለ አጃቢ ቀርተዋል። ይህን ነገሩኝና እጆቼን አየት አድርገው «ጌታ በእነዚህ እጆች ሥራ አለው። ታገለግለናለህ ወይ?» አሉኝ።

እታለም፣ እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ሥራ አለው» የሚለውን ብቻ ነው። ማገልገልማ ቢሆን ምን ክፋት አለው? ሰው መሥሪያ ቤት አገልግሎ አይደል ጡረታ የሚወጣው? ጋሽ እውነቱስ የአገልግሎት ዘመናቸው ተቆጥሮላቸው አይደል ወዳገራቸው የተዛወሩት? በደስታ ነው አልኳቸው። ለጊዜው መድረክ እንደማልወጣ፣ መዘምራኑ ሲለማመዱ ብቻ እንደማጅብ፣ ጎን ለጎን ትምህርት እየተከታተልኩ ልቤን እንደማዘጋጅ ነገሩኝ። እኔ ይህንን የሙከራ ጊዜ ብዬ ተረጎምኩት፤ የትም መሥሪያ ቤት ያለ ነገር ነው ብዬ።

ለአባባ ተቀጠርኩ ብዬ አፌን ሞልቼ ነገርኩት። የት እንደሆነ ሲሰማ ፊቱ ልውጥውጥ አለ። ይጮህብኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ ማዕተቤን አየና እሷን እንዳልበጥስ ብቻ አስጠነቀቀኝ። ቀጥሎም ደሞዝ አለው ወይ አለኝ። አለው እንጂ አልኩት።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ የሠራሁትን ብነግርሽ በሳቅ ትሞቻለሽ። ኦርጋኑ የእነሱ ነው፣ ሥሪቱ ግን ከኔው ጋር አንድ ነው። መዘምራኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ያለ የንስሐ መዝሙር ጀመሩ። እኔ ከሥር የሚሄድ ለስላሳ ምት ልስጣቸው ብዬ ቁልፉን ስነካ ጣቴ በለመደበት ሄዶ የሰርግ ቤቱን ምት አመጣው። ድቤው ቤቱን አናጋው። ትዕግስት የምትባል ዘማሪ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ፣ ትከሻዋ ሳታስበው እንቅጥቅጥ አለ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እነሱ ግን መጀመሪያ ደንግጠው ኋላ ሳቁና ከመጀመሪያው እንጀምር አሉ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ቤት ደስ ብሎኝ ነበር። ሆቴል ቤት ስጫወት ሰው ያወራል፣ ሒሳብ ይጠይቃል፣ ይጣላል። እነዚህ ግን ስጫወት ዝም ብለው ያዳምጡኛል። አንዱን ዜማ ዝቅ አድርጌ ስጀምርላቸው ድምፃቸው ተከትሎኝ ዝቅ ሲል ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ ደሞዝም ሊከፈለኝ ነው እያልኩ እየዘለልኩ ነበር ቤት የምገባው። ሞኝ ነኝ፣ አውቃለሁ።

ጥር ገባና ሰርገኞች በር አንኳኩ። ልምምዱ ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ «አይ፣ እኔ አሁን ቋሚ ሥራ ይዣለሁ» እያልኩ አንድ በአንድ መለስኳቸው። በምን ኩራት መሰለሽ! እነሱም ከአርባ ምንጭ በእምነት የሚባል ልጅ አስመጡ። ወሩን ሙሉ እሱ የኛን ከተማ ሲያስጨፍር እኔ በአጠገቡ አልፌ ወደ ልምምዴ እሄድ ነበር። እንዲያውም አዘንኩለት፤ ምስኪን፣ ቋሚ ሥራ የለው እያልኩ። አባባ ወር ባለቀ ቁጥር እጄን አየት ያደርጋል። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ባንድ ላይ ነው የሚሰጡኝ እለዋለሁ።

ጥር ሲያልቅ ዓይኔን በጨው ታጥቤ አቶ ጉታን የወሩን ነገር እንዴት አሰባችሁት አልኳቸው። የወሩን ምን አሉኝ። ያው የምሠራበትን አልኩ። ከኔ ይልቅ እሳቸው አፈሩ። «ተስፋሁን ወንድሜ፣ እኛ እኮ ታገለግለናለህ ወይ ነው ያልንህ» አሉኝ። ለዚሁ እኮ ነው የምጠይቅዎት ልላቸው አፌን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። እሳቸው ራሳቸው፣ መዘምራኑ፣ ወለል የምትጠርገው ሴትዮ ሳትቀር፣ ሁሉም እዚያ ቤት የሚያገለግሉት እንዲያው በነጻ ነው። ሁለት እጆቼን ይዘው ጸለዩልኝ። መልካም ጸሎት ነበር፤ አሜን ብያለሁ። በሰውዬው አልፈርድም። ግን ከዚያ ቤት ስወጣ የመለስኳቸውን ሰርጎች በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር።

ለአባባ ከምሳ በኋላ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበትና ውኃ ሰጠሁት። ሲያልፍለት «እኔ በደብሩ ሰበካ ጉባኤ ያን ሁሉ ዘመን ሳገለግል አንድ ቀን ደሞዝ ይዤ ስገባ አይተኸኛል? ማገልገል ምን እንደሆነ ከዚህ ቤት ሳትሰማ ነው ያደግከው?» አለኝ። እሁድ እሁድ ሲደክም ውሎ ባዶ እጁን ሲገባ እያየሁ ነው ያደግኩት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጾሙ ገባ። በሁዳዴ ማን ይድራል? እንግዲህ ከፋሲካ በፊት የሚጠራኝ ሰው አይኖርም ማለት ነው። አባባ ግን የሰጠኝን ጊዜ አልቀየረም፤ እስከ ፋሲካ ብሏልና እስከ ፋሲካ ነው። አንድ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጆንያ ተደግፎ ትንፋሽ አጥሮት አየሁት። ሰው እንዳያየው ቀበቶውን የሚያጠብቅ መስሎ ነበር ያጎነበሰው። አንጀቴን በላው። ቤት ገብቼ ኦርጋኑን በአንሶላ ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ላይ አወጣሁትና ተመልሼ ወፍጮው ላይ ቆምኩ። እሱም ሻሹን ከአፉ ፈትቶ ሰጠኝ።

እንግዲህ አሁን ወፍጮ ቤት ነው የምውለው። ሞተሩን አስነሣለሁ፣ ወፍጮውን የሚያዞረውን ቺንጋ አያለሁ፣ በቆሎና ማሽላውን እጨምራለሁ። አባባ በር ላይ፣ አየር ባለበት፣ ሚዛኑ ጋ ይቀመጣል። ሳሉ ቀለል ብሎለታል፤ ይህን ስትሰሚ ደስ ይበልሽ። እኔ ግን ከፍቶኛል። ሥራው ከብዶኝ አይደለም፤ ጆሮዬ ነው። የሞተሩ ጩኸት ከተኛሁም በኋላ አይለቀኝም። ቀድሞ መንገድ ስሄድ ዜማ ይመጣልኝ ነበር፤ አሁን ጠፋብኝ። ያገሬው የአሪ ሴቶች እህላቸውን ይዘው ተራ ሲጠብቁ ያንጎራጉራሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ምን እንደሚሉ ግን አልሰማም። አንዳንዴ ተወኝ፣ ተጫዋችነቱ ከናካቴው ከውስጤ ወጣ ብዬ እፈራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ ወፍጮ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ ጆንያ ያልያዘ አንድ ሰውዬ ገባ። ታደለ ይባላል፣ ቀይ አፈር ከምትባለው ከተማ የመጣ ነጋዴ ነው። በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸ ኦርጋን የሚጫወተው ተስፋሁን የሚባለው ልጅ የት ነው አለኝ። የእህቱን ልጅ ለዳግማይ ትንሣኤ ሊድሩ ነው፤ ሙሽራዋ አምና አንድ ሰርግ ላይ ሰምታኝ እሱ ካልሆነ ብላለች። እኔ ከቅንድቤ እስከ ጫማዬ ዱቄት ነኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እታለም። እንዲህ ሆኜ እኔ ነኝ ለማለት አፈርኩ። «እሱ ትቶታል!» ብዬ ጮህኩበት። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ዞረ።

እንዲያ ስጮህ አባባም ሰምቷል። ከሚዛኑ ተነሥቶ በሰው መሐል እየገፋ ገባና ሞተሩን አጠፋው። ቤቱ ጭጭ አለ። ገበያተኛው ሁሉ ምን ተፈጠረ ብሎ ያየናል። አባባ ሰውዬውን በክንዱ ያዘውና በጣቱ ወደኔ አሳየው። «ያውልህ፤ እሱ ነው» አለው።

ከቀይ አፈሩ ሰውዬ ጋር ተነጋግረን ጨረስን። ሰርጉ እሁድ ቢሆንም ዕቃውን ለመትከል ቅዳሜ መድረስ አለብኝ። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ብናኙ ሰው የማያሳይበት ቀን። ያን ቀን ማን ይቆማል አልኩት አባባን። «እኔ እቆማለሁ» አለኝና ከእጄ ሻሹን ተቀበለኝ። ሰው እንፈልግ ስለው ማንም ወፍጮዬን አይነካም አለ። ለመንኩት፤ እንቢ አለ። ኦርጋኑን ራሱ ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዶ አልጋዬ ላይ አስቀምጦልኝ አገኘሁት።

አንድ ሰርግ ኑሮ እንደማይሆን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚጠራኝ አላውቅም። እዚያ ኦርጋኔን ስተክል አባባ እዚህ ብናኙ ውስጥ ቆሞ ሲስል ከአሁኑ ይታየኛል። አንቺ ብትሆኚ አትሂድ እንደምትይኝም አውቃለሁ፤ ለአባባ እንዴት እንደምትሳሺለት አላጣሁትም። ነገር ግን ይህ ደብዳቤ ደብረ ታቦር ደርሶ መልስሽ እስኪመጣ ሰርጉ ያልፋል። ይህን አስቤ ነው ዛሬ የጻፍኩልሽ። ይቅር በይኝ፣ እሄዳለሁ።

ጋሽ እውነቱን ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። የአብሥራን «ጎበዝ ሁን ብሎሃል አጎትህ» በይው። ሶሲን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። የጎረቤቶችሽንም ጤና ጠይቂልኝ። አባባ «ደህና ነው በላት፤ ስለ ሳሌ እንዳትጽፍባት» ብሎኛል። በዓሉን በሰላም ያድርሳችሁ።

ናፋቂ ወንድምሽ
ተስፋሁን ወንድይፍራው
ጂንካ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1998 ዓ.ም.