በራችን ስር ያለው አፈር

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ለምትሠራው ለባለቤቴ ለክፍሉ፤

ስምንት ወር ሙሉ አልጻፍኩልህም። ዛሬም የምጽፈው ልወቅስህ ብዬ አይደለም፤ ስለ አፈር ነው። አትሳቅ።

ነሐሴ ላይ ከሥራ ስትመለስ በሩ እምቢ ያለህ ቀን፣ የቆለፍኩብህ መስሎህ በዚያው ሄደህ ዝውውር ጠየቅህ። እኔም የወጣሁት ጎረቤታችን አብዲቃድር በትከሻው ገፍቶ ሲከፍትልኝ ነው።

«አባዮ፣ እህቴ፣ በሩ ምን አጠፋ? ከስሩ ያለው አፈር አብጦ ነው» አለኝ።

«አፈር ያብጣል እንዴ?»

«ወላሂ! ጎርፉ ስንት ዘመን እያመጣ ያስተኛው ሸክላ ነው። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል።»

አላመንኩትም። ከግቢያችን አንድ ጭብጥ አፈር ወስጄ በውሃ አርጥቤ እንደ እርሳስ አቅጥኜ አሽከረከርኩት፤ ሳይሰነጠቅ እንደ ቀለበት ተጠመዘዘ። ከደቻቱ ወንዝ መሃል ያመጣሁት አሸዋ ግን እጄ ላይ ተበተነ። ደግሞ ሁለቱንም በየጠርሙሱ ከውሃ ጋር ናጥኳቸው። አሸዋው ወዲያው ዘቀጠ፤ የግቢያችን አፈር ግን ሦስት ቀን ሙሉ ውሃውን አደፍርሶ ቆየ። ሌሊት ሁሉ እየተነሳሁ አየው ነበር።

ጥር ላይ ግድግዳው ስር መሬቱ ተሰንጥቆ እጄ እስከ አንጓዬ ገባ። በሩም ሳይነኩት ይከፈት ጀመር። አምና በጋ «ነፋስ ያስገባል» ብለህ ጣውላ የመታህበት ክፍተት እኮ የመጣው በዚሁ ነው!

ከዚያ ጓሮውን ልቆፍር ተነሳሁ። በርጥቡ ብገለብጠው ደርቆ ጡብ ሆነብኝ፣ ዶማው ይነጥራል። አብዲቃድር አይቶ ሳቀብኝ። «ጨብጠሽው እጅሽ ላይ ካልተጣበቀና ከተፈረፈረ፣ ያኔ ቆፍሪ» አለኝ። አሸዋ ልቀላቅል ስል ደግሞ «እንደ ሲሚንቶ ይሆንብሻል፤ የፍየል በጠጥ ጨምሪበት» አለኝ። እንዳለው አደረግሁ። ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርጌ ሽንኩርት ተከልኩ። ከጣራው የሚወርደውም ውሃ ግድግዳው ስር እንዳይገባ እስከ መንገዱ ድረስ ቦይ ቆፈርኩለት።

ያለፈው ሳምንት ዝናብ ሁለት ቀን ሳያባራ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ከውጭ ስመለስ በሩን በአንድ እጄ ገፋሁት፤ ተከፈተ። ቆሜ ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

ክፍሉ፣ አንድ ነገር ግን በአፈሩ ማላከክ አልችልም። ያን ቀን ስታንኳኳ ሰምቼሃለሁ። በሩ እንዳልተቆለፈ አውቅ ነበር፤ ለምን ገፍቶ አይገባም ብዬ፣ ጠዋት በተናገርከኝ ተቀይሜ ዝም አልኩ። እርምጃህ ሲርቅ ነው ሮጬ የጎተትኩት፤ አልከፈት አለኝ። ብጣራም ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው አልሰማኸኝም። ይህን ለአብዲቃድርም አልነገርኩትም።

እግዚአብሔር በሐዲዱ ላይ ስትመላለስ ከክፉ ይሰውርህ። የአዋሽ ሙቀት እንዳይጎዳህ ውሃ ጠጣ።

ሽንኩርቱ ግንቦት ላይ ይደርሳል። ለብቻዬ ግን ይበዛብኛል።

ተሻለች