ያልተለበሰው ባጅ፦ የእትዬ የሕይወት ታሪክ

እኅታችን ሰኔ 9 ቀን 1947 ዓ.ም. ከግንበኛ አባታቸውና የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ከነበሩት እናታቸው፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ የመጣሁት ሁለተኛውና የመጨረሻው ልጅ እኔ፣ ይህን ታሪክ የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። አፌን የፈታሁት "እትዬ" ብዬ ስለሆነ ሰፈሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ በኋላም መሥሪያ ቤቱ በዚሁ ስም ጠራቸው። በዕድሜ የሚበልጧቸው አለቆቻቸው ሳይቀሩ "እትዬ ይዩት፣ እትዬ ይፈርሙበት" ይሉ ነበር።

ትምህርት በማይኖርበት ቀን አባታችንን ተከትለው ሥራ ቦታ ይውሉ ነበር። የግድግዳ ቀጥ ማለት የሚለካበትን ቱምቢ መያዝን፣ ግድግዳን በጣት አንኳኩቶ ድፍኑን ከባዶው መለየትን የተማሩት ያኔ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1965 ዓ.ም. አጠናቀው በተከታዩ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ፊዚክስም መረጡ። በክፍሉ ከነበሩት አርባ አንድ ተማሪዎች ሴቶቹ ሁለት ነበሩ። መምህሩ ለምን ፊዚክስ እንደመረጡ ሲጠይቋቸው "የማይታይ ነገር ሲለካ ደስ ስለሚለኝ" ብለው መለሱ። በ1970 ዓ.ም. በጥሩ ውጤት ተመረቁ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በመንግሥት የአደጋ ጊዜ ሥራ አመራርና የጨረር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። መሥሪያ ቤቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሥራ ነበረው። ግማሹ ለጎርፍ፣ ለቃጠሎና ለመሬት መንሸራተት ይሮጣል። ሌላው ግማሽ የሆስፒታል ራጅን፣ የፋብሪካና የመንገድ ሥራ መለኪያዎችን፣ ጨረር የሚያወጣውን ነገር ሁሉ ይቆጣጠራል። የመጀመሪያው ክፍል መኪና፣ ሬዲዮና ጡሩምባ ነበረው። የሁለተኛው ሀብት ከጋራዡ ጀርባ ሁለት ክፍልና አንድ የጠረጴዛ ማራገቢያ ነበር። እትዬ የተመደቡት እዚያ፣ ባጅ ንባብ ላይ ነው።

ባጅ የሚባለው ከጨረር ጋር የሚሠራ ሰው ደረቱ ላይ የሚያደርገው፣ የክብሪት ቀፎ የማያክል መለኪያ ነው። በየሦስት ወሩ ከየሆስፒታሉ በፖስታ ይሰበሰባል። ማሽን ውስጥ ሲሞቅ ብርሃን ይሰጣል፤ ብርሃኑም ሰውየው ምን ያህል ጨረር እንዳገኘው ይናገራል። በእያንዳንዱ ፖስታ ማንም የማይለብሰው፣ መሳቢያ ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ አንድ ትርፍ ባጅ አብሮ ይላካል። ስሙ "ምስክር" ነው፤ የሌሎቹ ንባብ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል። እናታችን ይህ ሁሉ ከተብራራላቸው በኋላ "ይቺን ለማንበብ ነው አራት ዓመት የተማርሽው?" ማለታቸው በቤታችን ለብዙ ዘመን ሲያስቅ ኖሯል።

በ1974 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቱ የመለኪያ መኪና ሹፌር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ሹፌሩ ፖስታውን በር ላይ ለዘበኛው መስጠት ሲችሉ አንድ ዓመት ሙሉ እስከ ውስጥ ክፍል ድረስ በእጃቸው አመላለሱ። በመጨረሻ የተናገሩት እትዬ ናቸው። "ፖስታው ምክንያት ከሆነ ምክንያቱን እንተወውና ወደ ጉዳዩ እንግባ" አሏቸው። በ1976 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን፣ በ1979 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን አገኙ።

አሁን የማነበውን ክፍል ቤተሰቡ "ተወው" ብሎኝ ነበር። ይህን ትቼ ግን የእሳቸውን ታሪክ ተናገርኩ ማለት አልችልም።

በ1987 ዓ.ም. እኔ ከዋናው መሥሪያ ቤት በመኪና ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ፣ የአንድ ሆስፒታል ብቸኛ ራጅ አንሺ ነበርኩ። ሆስፒታሉ ማሽኑን ዕቃ ግምጃ ቤት ወደነበረ ክፍል አዛወረው። ግድግዳው ውስጥ ጨረር የሚከለክል እርሳስ ገብቷል ተባልን። ወዲያው የባጄ ንባብ ከፍ አለና ከመሥሪያ ቤቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ጠርተው "ሁለተኛ ደብዳቤ ከመጣ ከማሽኑ አነሣሃለሁ" አሉኝ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩኝ። ባጁን ከደረቴ ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የሚባል አልመጣም።

ለአንድ ዓመት ያህል ንባቤን የሚያዩት ሌላ ሠራተኛ ነበሩ፤ ቁጥሩ ዝቅ በማለቱ ተደስተው አለፉት። በ1988 ዓ.ም. ሰነዱ እትዬ እጅ ገባ። አራቱን ንባብ ከምስክሩ ጋር አስተያዩት፤ አራቱም አንድ ሆኑባቸው። ራጅ የሚያነሣ ሰው ባጅ ማንም ካልለበሰው ባጅ ጋር እኩል ሊሆን አይችልም። አለቃቸው ዘንድ ገቡና "ይሄ ወንድሜ ነው። ሌላ ሰው ይላክ" አሉ።

"ያሉን ሁለት ተቆጣጣሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም ጎርፉ ላይ ናቸው። በሚቀጥለው ወር ይደርሳል።"

"አንድ ወር አይጠበቅም። እኔው እሄዳለሁ፤ ግን ወንድሜ መሆኑ መዝገብ ላይ ይጻፍልኝ።"

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባለቤታቸው እየነዱ አደረሷቸው። በድንገት ሳያቸው ደስ ብሎኝ ልስማቸው ስጠጋ በእጃቸው አገዱኝ።

"መሳሳሙ ይደርሳል። ባጅህ የት አለ?"

መሳቢያውን ራሳቸው ሳቡት። የእኔ ባጅና ምስክሩ ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። "ተከሳሽና ምስክር ባንድ አልጋ ካደሩ ፍርድ ከየት ይመጣል?" አሉ። አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅኩም።

ከዚያ መለኪያቸውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡ፣ ማሽኑን እንዳበራም አዘዙኝ። ከግድግዳው ማዶ አግዳሚ ወንበር አለ፤ የእርጉዞች ክትትል ተራ የሚጠበቀው እዚያ ላይ ነበር። አስቀድመው ሴቶቹን አስነሥተው ግቢ አስወጧቸው። መለኪያው መንጫጫት ጀመረ። እትዬ ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ በጣታቸው አንኳኩተው "ይሄ ባዶ ጡብ ነው። እርሳስ የሚባል አላየም" አሉ። ማሽኑን አስጠፍተው በሩን አሸጉት።

ዳይሬክተሩ እየሮጡ መጡ። "እመቤቴ፣ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ቢመጣ ምን ልበለው? እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ ሌላ ራጅ የለም እኮ።"

"ጥያቄዎ ትክክል ነው" አሉ እትዬ። "መልሱ እስኪመጣ ከዚህ አልንቀሳቀስም።"

የጸሐፊዋን ስልክ ይዘው እስከ ቀትር ደወሉ። የአደጋው ክፍል ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ተንቀሳቃሽ ራጅ በማግሥቱ ከነባለሙያው መጥቶ ግቢው ውስጥ ተተከለ። ግድግዳው ፈርሶ እርሳስ ገብቶበት እስኪሠራ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። እትዬ አሥራ ዘጠኙንም ቀን እዚያው ነበሩ። ግንበኞቹ "ሴትዮዋ ቱምቢ ይዘው ከበላያችን ቆሙ" እያሉ ያማርሩ ነበር። በቀራቸው ሰዓት ደግሞ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡትን እናቶች ከመዝገብ እያወጡ መዘገቡ። ሁሉም ከነልጆቻቸው ሦስት ዓመት በሐኪም ክትትል ተደረገላቸው። የተጎዳ አልተገኘም። እሳቸው ግን "አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም" ብለው ክትትሉን ሁለት ዓመት አስጨመሩ።

የእኔ ደም ግን ሲመረመር የነጭ ደም ሕዋሴ አንሶ ተገኘ። ከማሽኑ ተነሥቼ መዝገብ ቤት ገባሁ። እኅቴ በሰው ፊት አዋረደችኝ ብዬ ተቀየምኩ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቃል አልተነፈስኩላቸውም። እናታችን "የገዛ ወንድምሽን ከሥራው ነቀልሽው" ብለው አለቀሱ። አባታችን ግን "እርሳስ አለው ብሎ ባዶ ጡብ የገነባውን ውቀሱት እንጂ ያንኳኳችውን አትውቀሱ" አሉና ሙግቱን ዘጉት።

እትዬ ኩርፊያዬን ከቁብ አልቆጠሩትም። በየወሩ ሦስት ሰዓት መንገድ ተጉዘው ከላቦራቶሪው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ፊቴን ሳዞርባቸው "ሰላምታውን ንሣኝ፤ ክንድህን ግን ለነርሷ ስጥ" ይሉኛል። ክንዴን እሰጣለሁ። ውጤቱን ጽፈው ይዘው ይመለሳሉ። በአሥራ አራተኛው ወር ደሜ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እኔም ከአዲሱ ግድግዳ ጀርባ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ፖስታውን ለሹፌሩ አልሰጠሁም። ራሴ ይዤ ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው ክፍል ሄድኩና "እትዬ፣ ለብሼዋለሁ" አልኳቸው።

"ማሽኑ ይናገር። አንተማ ድሮም ብዙ ተናግረሃል" አሉ።

ባጁን ከተቱት። ቁጥሩን ጻፉት፤ ከምስክሩ ጋር አስተያዩት። ከምስክሩ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከገደቡም በጣም ያነሰ፣ የለበሰ ሰው ቁጥር ነበር። እስክሪብቶውን አስቀምጠው ተነሡና አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ከምስክር ጋር እኩል የሆነ ንባብ በመጣ ቁጥር ለሆስፒታሉ ሳይነገር ተቆጣጣሪ እንዲላክ ተደነገገ። ሠራተኛው "የእትዬ ደንብ" ይለዋል። ደብዳቤ የደረሰው ራጅ አንሺም ከሥራ እንዳይነሣ፣ ክፍሉ እንዲመረመር የሚለውን አንቀጽ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። "ሰው የሚዋሸው እውነቱ ሲያስከፍለው ነው" ብለው ለኮሚቴው ሦስት ጊዜ ቀርበው ተከራከሩ። ሁለት ጊዜ ተሸነፉ።

በ1996 ዓ.ም. የመንገድ ሥራ መለኪያ የጫነ መኪና ገደል ሲገባ፣ ጨረር የሚያወጣው ዕቃ ጠፋና በአቅራቢያው ያለው ከተማ በወሬ ተሸበረ። ሰዉ ጓዙን መጫን ጀመረ። እትዬ የገበያውን ድምፅ ማጉያ ይዘው "ከገደሉ አምስት መቶ እርምጃ ራቁ። ከዚያ ወዲህ ያለ ሰው ቤቱ ገብቶ ምሳውን ይብላ። ዕቃው ሲገኝ እኔው መጥቼ እነግራችኋለሁ" አሉ። ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ቦይ ውስጥ ከነመያዣው ተገኘ። ተመልሰው ነገሯቸው።

በ2000 ዓ.ም. የጨረር ደኅንነት ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ልባቸው እየደከመ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። "ጨረር ነው የጎዳቸው" የሚል ወሬ እንደሚነሣ አስቀድመው አውቀው የሠላሳ ሰባት ዓመት የባጅ ንባባቸውን ደምረው ለልጃቸው ሰጥተዋል። የአንዱም ዓመት ድምር ከገደቡ አጠገብ አልደረሰም። "የእናታችሁ ሕመም ልብ ነው፤ በዘር የመጣ ነው፤ ሥራዬን እንዳታሙብኝ" ብለዋል። እነሆ፣ ቃላቸውን አድርሻለሁ።

መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተኝተው በሚታከሙበት ክፍል ደረታቸውን ለማንሣት ተንቀሳቃሽ ራጅ እየተገፋ ገባ። ሁላችንም አልጋውን ከበን ነበር። ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኖ "በሉ ውጡ" አሉ። ልጆቻቸው ወጡ፤ ባለቤታቸውም ወጡ። እኔ እጃቸውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቀና ብለው አዩኝና "አንተም ውጣ" አሉኝ። ታዝዤ ወጣሁ። ለእኔ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል እሱ ሆነ። መስከረም 29 ቀን ጠዋት፣ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ ነርስ የሆነች ሴት ልጃቸውንና የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነ ወንድ ልጃቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ያስታመማችሁ፣ ከሩቅም ከቅርብም ለቀብራቸው የደረሳችሁ ሁሉ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን። ዓይን ከማያየው አደጋ ሰውን ሲጠብቁ ኖረዋልና፣ ሁሉን የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን ክፉ በማይደርስበት ይጠብቅልን።