ለሐኪሙ የተረጎምኩት ቃል

እማዬ፣

ከተለየሽን ስምንት ወር ሆነ። እዚህ ቀየት ዘንድሮ ብርዱ ጠንክሯል። አባባ ደህና ናቸው፤ ግን የፈተልሽው የበግ ጠጉር ከጆንያው እንዲወጣ አይፈቅዱም። እኔም እዚያው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዕረፍት ግን አጥቻለሁ፤ ምክንያቱን ላንቺ ልንገርሽ።

ሆስፒታል የወሰድኩሽ ቀን ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ስለነበር ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሆድሽን እንዴት እንደሚያምሽ ሲጠይቅ «ይይዘኛል፣ ይተወኛል፣ ደሞ ይመለሳል» አልሽ። እኔም ፈጠን ብዬ በእንግሊዝኛ «ኮንቲኒዩየስ» አልኩት። መድኃኒት ሰጠሽ፣ ቀጠሮም ጻፈልሽ። ቀጠሮው ሳይደርስ ሄድሽ።

ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ያንኑ ቃል «ኮንቲኒዩዋል» ከሚባለው ጋር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዲት ተማሪ ልዩነታቸውን ጠየቀችኝ። መዝገበ ቃላቱን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለቱም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ «ኮንቲኒዩዋል» እያቋረጠ ለሚመላለስ ነገር ነው፣ «ኮንቲኒዩየስ» ግን ፈጽሞ ለማያቋርጥ። ከዚያ ወዲያ ማንበብ አቃተኝ። የእናቴን ሕመም አሳስቼ ተናገርኩ፣ እኔው ገደልኳት አልኩ በልቤ።

እህል አልወርድ አለኝ። ቁጭ ብዬ ደብተር ማረም እንኳ አልቻልኩም። ቅዳሜ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ሐኪሙ አገሩ ገብቷል። ያን ቀን አብራው የነበረችውን ነርስ አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳት። ካርድሽን ፈልጋ አመጣችልኝ። ሐኪሙ የጻፈው የኔን ቃል አልነበረም፤ እየተወ የሚመለስ ሕመም ብሎ ነው የጻፈው።

እንዴት አወቀ ብላት፣ «እናትሽ እኮ በእጃቸው አሳዩት» አለችኝ። «ጭብጥ ያደርጉና ይፈቱታል፣ መልሰው ይጨብጡታል። ሕመሙ ቀድሞ ጸንቶባቸው ነው እንጂ ያንቺ ቃል ያጠፋው ነገር የለም።»

ልቤ ማረፍ ነበረበት፤ አላረፈም። አጠገቤ ተቀምጠሽ እጅሽን ስትጨብጪና ስትፈቺ እኔ የሐኪሙን ፊት እያየሁ ቃል እፈልግ ነበር። ቤት ስመለስ ለአባባ ነገርኳቸው። «ለኔም እንደዚያ ነበር የምታሳየኝ» አሉ።

አሁንም ስሄድ ስቀመጥ መዳፌን እጨብጣለሁ፣ እፈታለሁ። እማዬ፣ ድምፅሽንም ሳቅሽንም አልረሳም። በሕይወት እስካለሁ አጥብቄ የማስበው ግን ያን ቀን ያላየሁትን እጅሽን ነው።

ልጅሽ