የለቅሶ ማስታወቂያውን ማን አነሣው?

ይድረስ ለልጄ ለኢላኒት፤

የእስራኤል አምላክ በሰው አገር ይጠብቅሽ። እኛ እዚህ አፉላ ደህና ነን፤ የእናትሽ ጉልበት ብቻ የጊቫት ሃሞሬን ዳገት እንቢ ብሏል።

የማኅበራችን ድረ ገጽ ታድሷል። ሰው እንዲስብ በሚል የሚስቁ ፊቶች ገብተው የለቅሶ ማስታወቂያው ከፊት ገጹ ተነሥቷል። እኔም ሳልሰማ የምንይሹን ባል ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ፣ «ጋሽ ሸጋው፣ ተቀያይመናል እንዴ?» አለችኝ። አፈርሁ።

የማኅበሩን ሊቀመንበር አሞስን ጠየቅሁት። «ሐዘን ጎብኚ ያሸሻል ብላ ያነሣችው ድረ ገጹን የሠራችው ልጅ ናት» አለኝ። ማን ናት ስለው፣ «የኛው ልጅ፣ ውጭ አገር ያለች» ብሎ ሳቀ።

ውጭ አገር ተቀምጣ ድረ ገጽ የምትሠራ የአፉላ ልጅ ስንት አለች? አንቺ ከሆንሽ ብትናደጂም ባትናደጂም፣ ተሳስተሻል። እባክሽ ማስታወቂያውን መልሺ፤ ምንይሹንም ደውለሽ አጽናኛት። እጅሽ ይባረክ።

አባትሽ