«ወላጅ ይዘሽ ነይ» ላሉን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ ወንበሩን ይቻለው፣ ዓይንዎም ከወረቀት ብዛት አይድከም እያልኩ ከልቤ እመኝልዎታለሁ፤ እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ መመሪያ የሚያወጣልን ማን አለና!

እኔ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ፀጉር ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። የጤና ጣቢያውን በር በመስታወቴ ውስጥ ስለማየው፣ የደንበኛዬን ፀጉር እየጠቀለልኩ ማን እንደገባ፣ ማን እየሳቀ ማን እያለቀሰ እንደወጣ ሳልፈልግ አውቃለሁ። ሰው አንገቱን ሲሰጠኝ ምስጢሩንም አብሮ ስለሚሰጠኝ የሰማሁት ብዙ ነው፤ ዛሬ በአደባባይ የምጽፍልዎት ግን የሰው ወሬ ሳይሆን የራሴው ጉድ ነው። የወንድሜን ልጅ ይመለከታል።

እናቷ የሞተችው ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው። አባቷ፣ ማለትም ታላቅ ወንድሜ፣ የከባድ መኪና ሾፌር በመሆኑ የወሩን አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ያጠብኳት፣ ያበጠርኳት፣ ትኩሳቷን ያበረድኩላት፣ ትምህርት ቤት ያመላለስኳት እኔ ነኝ፤ እሷም አክስቴ ብላ ጠርታኝ አታውቅም፣ እቴቴ ነው የምትለኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካስኩ ሥር፣ ፀጉር ማድረቂያው ወንበር ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም። መሐንዲስ ነው የምሆነው ስትል ደንበኞቼ ይስቁ ነበር፤ እሷ ግን አትስቅም ነበር፤ እኔም አልስቅም ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት በሞላት ጊዜ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር እየጠረገች፣ ዓይኗን ከመጥረጊያው ሳትነቅል፣ የክፍሏን አንድ ልጅ እንደምትወድ ነገረችኝና እንዳታረግዝ የሚያደርግ ነገር ከየት እንደሚገኝ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ እንደ መልአክ ሆኜ ተቀበልኳት ብዬ አልዋሽዎትም። ጮኼባታለሁ፣ ማበጠሪያም ወርውሬያለሁ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ በእናትሽ ይዤሻለሁ ተይው ብዬ ለምኛታለሁ። ቁጣዬ ሲበርድልኝ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ መጥታ የጠየቀችኝ አምናኝ ነው፤ ብጮህባት ከእኔ ትደበቃለች እንጂ ልጁን አትረሳውም። በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ፣ እጇን ይዤ መንገዱን ተሻገርን። እንግዲህ ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል።

፩ኛ. ስለ ክፍሉ። በጤና ጣቢያው ውስጥ «ለወጣቶች ምቹ» የተባለ ክፍል ማዘጋጀትዎ የሚያስመሰግን ነው። ግድግዳው ላይ ቢራቢሮ ተስሎበታል፣ ወንበሮቹ ለስላሳ ናቸው፣ መጋረጃውም አዲስ ነው። በሩ ላይ ደግሞ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆናችሁ ወላጅ ይዛችሁ ቅረቡ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከዚህ የተነሳ ክፍሉ ውስጥ አንድም ወጣት ስለማይገባ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዎቿንና መወልወያዋን ታሳድርበታለች። ባልዲዎቹ በጣም ተመችቷቸዋል፤ በእነሱ ስም አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ እኔ ማንነት። ነርሷ በትሕትና ወላጅ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አክስቷ ነኝ፣ እናቷ ሞታለች፣ አባቷ አገር አቋርጦ ሄዷል፣ ያሳደግኳት እኔ ስለሆንኩ እኔው እፈርማለሁ አልኳት። አክስት አይሆንም፣ መመሪያው የሚለው ወላጅ ነው አለችኝ፤ ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፣ ግን ከሥራ ያባርሩኛል አለችኝ። በእሷ አልፈርድም። መድኃኒት ቤት ብሄድ ከጤና ጣቢያው ወረቀት አምጪ ተባልኩ። ጨንቆኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በራሴ ስም ልወስድላት ብሞክር ደግሞ፣ ማህፀኔ ከዓመታት በፊት በቀዶ ሕክምና መውጣቱ በዚያው ጤና ጣቢያ ካርዴ ላይ ተጽፎ ተገኘ። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ይህንኑ በመስኮቱ ጮክ ብሎ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ ነገረኝ። እንግዲህ በእርስዎ መመሪያ ብቻ ሳይሆን በተፈጥሮም ወላጅ አይደለሁም። የምተኛበትም የምነሳበትም ሕመሜ ስለሆነ የምዘነጋው ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ስለ ምልልሱ። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት፣ ፍርድ ቤት ሄደሽ የአሳዳጊነት ወረቀት አምጪ አለኝ። ፍርድ ቤቱ፣ አባት በሕይወት እያለ ምን አሳዳጊ ያስፈልጋል፣ አባትየው ይምጣ አለኝ። ለአባቷ ልንገረው ስል ልጅቷ እግሬ ላይ ወድቃ፣ ከነገርሽው ከቤት እወጣለሁ አለችኝ፤ ታደርገዋለችም፣ አውቃታለሁ። ወንድሜ እጁን በልጅ ላይ አንስቶ አያውቅም፤ ዝምታው ነው የሚከብደው። እንዳልነግረው ፈራሁ፣ እንዳልተወው ፈራሁ፤ መላ ቅጡ ጠፍቶኝ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ደጅ ስጠና ከረምኩ። እኔ ወረፋ ስጠብቅ ልጅቷ አረገዘች።

አራተኛውን ቅሬታ ከመጻፌ በፊት ግን እዚህ ላይ ምስጋና ማስገባት አለብኝ፤ አለበለዚያ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ካረገዘች በኋላ፣ ክቡር ሆይ፣ ወላጅሽ የት አለ ያላት አንድም ሰው የለም! ሚዛን ላይ አወጧት፣ ደም ቀዱላት፣ የእኔ እመቤት እያሉ አልጋ ላይ ደግፈው አወጧት፤ ምጧም ሲመጣ በሮቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፈቱላት። ያንን አንድ የመከላከያ መርፌ ለመወጋት ሕፃን የነበረች ልጅ፣ ለማማጥ ጊዜ ትልቅ ሴት ሆና ተገኘች። እሰይ ነው የሚባለው።

ሕፃኗን ልናስከትብ የሄድን ዕለት ነርሷ ብቅ ብላ የዚህች ሕፃን ወላጅ ማን ነው ብላ ተጣራች። እኔ ልማድ ሆኖብኝ ብድግ አልኩ። የወንድሜ ልጅ ግን በተቀመጠችበት፣ ልክ ክፍል ውስጥ መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ እንደምታደርገው፣ እጇን አወጣች። ነርሷ ክትባቱን እንደጨረሰች የእርግዝና መከላከያ ትወስጃለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ፈራሚም ምስክርም ሳይጠራ፣ እዚያው ክንዷን ወጋቻት። ምነው ያኔስ ብላት፣ መመሪያው የወለደችን ልጅ እንደ አዋቂ እንደሚቆጥር አስረዳችኝ። ለካ ወላጅ ይዘሽ ነይ ስትባል፣ ወልደሽ ነይ ማለታችሁ ኖሯል! እኛ ቋንቋው አልገባን ብሎ ነው እንጂ እናንተስ በግልጽ ተናግራችሁ ነበር።

፬ኛ. ስለ ወንድሜ። የሴት ልጁን ሆድ ባየ ጊዜ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማ ውስጥ ሲሆን እንኳ መኪናው ውስጥ ነበር የሚያድረው፤ እሷም በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። ሕፃኗ ከተወለደች በኋላ አንድ ጠዋት የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ፣ እኛን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ሲገባ በመስታወቴ አየሁት። በኋላ እንደነገረኝ፣ የእሷ አባት ነኝ፣ የሚያስፈልጋት ነገር እንዳይከለከልባት የምፈርመውን ስጡኝ ብሎ ነው የለመናቸው። እነሱም በአክብሮት፣ የእርስዎ ፊርማ አያስፈልግም፣ ልጅዎ አሁን ራሷ ወላጅ ናት ብለው መለሱት። መንገዱን ተሻግሮ መጣና ደንበኛ በሌለበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ያኔ ብነግርህ ኖሮ ትፈርምላት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አላውቅም አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም አላውቅም። እርስዎ ያውቁ ይሆን፣ ክቡር ሆይ? ያወቁ መስለው ነበር እኮ!

የእርስዎን መመሪያ ልክ ነው የሚሉ እናቶችም ደንበኞቼ ናቸው። ልጄን እኔ ሳላውቅ ማን ይነካታል ይላሉ፤ አልስቅባቸውም፣ ስጋታቸው የእኔም ስጋት ነው። እኔም ለልጄ ጉዳይ እኔ ልጠየቅ ባይ ነኝ፤ ተጠየቅኩም እኮ! ልጅቷ ራሷ መጥታ ጠየቀችኝ። እሺ ለማለት ግን አፌ ከአፍ አልተቆጠረም። ያቺ ልጅ አክስትም ባይኖራት፣ የምትጠይቀው ሰው ጨርሶ ባይኖራት፣ ወረቀታችሁን በሩ ላይ አንብባ ከመመለስ በቀር ምን ታደርግ ነበር?

አሁን ትምህርት ቤቱ የወለደች ተማሪ ቀን አናስተምርም ብሏታል፤ የማታውም ለሕፃን የሚሆን ቦታ የለውም። መጽሐፏን ካስኩ ሥር ትዘረጋለች፤ ልጇን እያጠባች አንድ ጥያቄ ትጀምራለች፣ ሳትጨርሰው እንቅልፍ ይወስዳታል። መሐንዲስ እሆናለሁ ስትል ከሰማኋት ቆየሁ። ደንበኞቼም አይስቁም።

ምን እንደማመለክትዎት ግን ቸግሮኛል። መመሪያው ይቀየር ብል፣ ለመቀየር ኮሚቴ፣ ለኮሚቴው ሌላ መመሪያ ያስፈልጋል ይባላል፤ ይቅርታ ይጠይቁን ብል፣ ይቅርታው በየትኛው መስኮት እንደሚሰጥ አላውቅም። የጠፋባትን ጊዜ መልሱላት ብል ደግሞ አበደች እባላለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት እንጂ የጠየቅኩት ነገር የለም፤ ፋይል ውስጥ ለማስቀመጥ እንዲመችዎት።

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም ላላደረጉልን፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሳሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ በርዎም እንደ ወትሮው ተዘግቶ እንዲያከብርዎት እየተመኘሁ፣ ለአንዲት አዋቂ የተባለች ልጅና ለሕፃን ልጇ አሳዳጊ ያልሆንኩ፣

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ

ከፊርማዬ በታች የቀረች ነገር፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል አንዲት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ፀጉሯን ልትታጠብ መጣች። ፀጉር መታጠቢያው ላይ እንደተንጋለለች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የወንድሜ ልጅ ያን ጊዜ የጠየቀችኝን ያንኑ ጠየቀችኝ። ወላጅ ይዘሽ ነይ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ፤ ፀጉሯን ደግሜ አጥቤ ሰደድኳት። ስትወጣ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ ከወላጆቿ አንዱ እርስዎ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው የሚሠሩት። ሕንፃው ውስጥ ብዙ አባትና እናት ስላላችሁ፣ የማን ልጅ እንደሆነች እኔ አልናገርም። እሷም አትነግራችሁም።