እንደታጠፈ የሚመለስ ሸሚዝ

ይድረስ ለወንድሜ ለሙዊንጋ፤ ከነባለቤትህ ከነልጆችህ እንዴት ከረምክ? የኪትዌ ማዕድን ጉድጓድስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። ብቻ ሰሞኑን መቀመጥ እንቢ ብሎኛል፤ ይህንንም ቆሜ ነው የምጽፍልህ።

እዚህ የበረራ ኮሌጅ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በርሮ ሲያርፍ፣ ከነልብሱ ውሃ እንደፋበታለን። ትናንት አብሮኝ የሚማረውን ቾልዌን አበሰበስነው። ባልዲውን ሁልጊዜ የምሞላው እኔ ነኝ። «ሙቲንታ፣ አንቺማ ባልዲ ላይ ተሾምሽ!» ይሉኛል፤ አብሬ እስቃለሁ። ቅያሪ ሸሚዝ በየቀኑ እይዛለሁ፤ እንደታጠፈ ይመለሳል። ሰኞ የአየር ጠባይ ፈተናውን እንደገና እወስዳለሁ፤ የደመናዎቹን ስም እያነበነብኩ ግቢውን ስዞር እውላለሁ።

እማዬ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ከበቆሎው መሀል ሻሿን እያውለበለበች «ልጄ ናት!» ትላለች አሉ። ስትደውልላት፣ ፀሐዩ ከባድ ነውና ጥላ ስር ተቀመጪ በላት።

ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ።

እህትህ ሙቲንታ