ጥቁር ለብሼ አበባ ሥር የሳቅሁ ዕለት

ግርማዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ ሦስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። የምጽፍልህ ትሮይቪል ሰፈር ካለችው የስደት ክፍላችን ነው፤ ተናድጃለሁ። እህትህ እትዬ አስካለ ሐዘን የማታውቅ ሴት ብለውኝ ከትናንት ወዲያ አኩርፈው ሄደዋል። ነገሩን ከእኔው አፍ እንድትሰማው ብዬ ነው።

እቤት ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ፤ ብርድ ይገባል እያልክ ትከለክለኝ ነበር፣ እውነትህን ነው፣ ይገባል። ጃኬቶችህን ጂፒ ጎዳና አብረውህ ይነግዱ ለነበሩት ልጆች አከፋፈልኩ። ግራጫውን ግን ማንም አይነካውም፤ ብርዱን ሁሉ በእሱ ነው ያሳለፍኩት። ማስተማሬንም አላቆምኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚያን እዚህ የሚኖሩትን የጃፓን ልጆች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ወላጆቻቸውን በስልክ ሳናግር ሳይታወቀኝ ጎንበስ ቀና ስል አይተህ የሳቅከው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

እዚህ የአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ላይ መስከረም ሲጠባ ቼሪ የሚባለው ዛፍ ያብባል። ጃፓኖቹ ለዚህ አበባ ብለው ሥራ ትተው ይወጣሉ። ከዛፉ ሥር ሸራ ያነጥፋሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ቋጥረው ያመጡትን ምሳ እየበሉ ቀና ብለው ያያሉ። አበባው ሁለት ሳምንት እንኳ በቅጡ አይቆይም። ባለፈው ቅዳሜ እኔንም ጠሩኝ፤ ከራሴ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሼ ሄድኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት የአንዷ ተማሪዬ አያት ሃሩኮ ነበሩ። ታውቀኝ የለ፣ ሳላጎርስ መብላት አይሆንልኝም። በእጄ ብሰጣቸው ይጸየፉኛል ብዬ ቁራጭ እንቁላል በቾፕስቲክ፣ በዚያ በሁለቱ መብያ እንጨታቸው፣ ይዤ ዘረጋሁላቸው። እሳቸውም ሳያስቡት በራሳቸው ቾፕስቲክ ሊቀበሉኝ ሲሉ ሸራው ላይ ያለው ሰው ሁሉ መብላቱን አቁሞ አፈጠጠብን። ልጃቸው ቀስ ብላ ምክንያቱን ነገረችኝ። እነሱ ዘንድ በቾፕስቲክ መቀባበል ያለው ለሞተ ሰው ብቻ ነው፤ አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰቡ አጥንቱን እንዲያ እየተቀባበለ ያነሣዋል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይዘገንነኝ ነበር። ያን ቀን ግን ቀናሁ፣ ግርማዬ። አንተን በሣጥን አሽገው አገር ቤት ሲልኩህ እኔ ከኤርፖርት ነው የተመለስኩት፤ በያዝኩት የጥገኝነት ፔፐር ከአገር ከወጣሁ መመለስ የለም። አፈርህን አልነካሁም። ይህን ለሃሩኮ ነገርኳቸው፣ ልጃቸው እየተረጎመች። እሳቸውም የባላቸውን አጥንት በገዛ እጃቸው እንዳነሡ አጫወቱኝ። ከዚያ ቾፕስቲኬን ከእጄ ወስደው አስቀመጡና አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። በእጄ አጎረስኳቸው። ጉርሻዬን ታውቀዋለህ፣ መጠን የለውም፤ ጉንጫቸው ተወጥሮ ማላመጥ ሲያቅታቸው እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፎቶ ያነሣችን ልጃቸው ናት፤ ስልኬ ፕሮፋይል ላይ የለጠፍኩት ግን እኔ ነኝ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያላየው ሰው አልነበረም። እትዬ አስካለ ከትናንት ወዲያ እቤት መጥተው የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ከባዕድ ጋር ትገለፍጫለሽ አሉኝ። አበባው ጨርሶ ሳይረግፍ ነገ ድጋሚ ጠርተውኛል። ፎቶውን ካላጠፋሁና ነገ ካልቀረሁ፣ ለሙት ዓመትህ ከጎኔ እንደማይቆሙ ቁርጡን ነግረውኛል። አከብራቸዋለሁ፣ አንተን ያሳደጉ ናቸው። ፎቶውን ግን አላጠፋሁትም።

ጥቁሬን ዓመቱ እስኪሞላ አላወልቅም፤ ያንንም ማንም አላዘዘኝም። ሙት ዓመትህን ብቻዬን ቢሆን አወጣዋለሁ። ሐዘኔን በጥርሴ የሚለኩ ሰዎች፣ ታመህ መቆም ሲያቅትህ ማን አቅፎ እንዳነሣህ መጀመሪያ ይጠይቁ። ያኔ እዚህ ክፍል ውስጥ አንተና እኔ ብቻ ነበርን።

ነገ እሄዳለሁ። ሃሩኮ ደግሞ በተራቸው ሊያጎርሱኝ ቃል ገብተዋል፤ ስምህን ጠርቼ እጎርሳለሁ። ይህ ዛፍ ባበበ ቁጥር፣ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ፣ እንዲሁ አደርጋለሁ። የሚቆጣ ይቆጣ። እያለቀስኩ አልረሳሁህም፣ እየሳቅሁም አልረሳህም።

ሚስትህ አልማዝ